የድንች ትንፈሳ በመሬት ውስጥና በመጋዘን

1. መግቢያ

ድንች ከመሬት ተቆፍሮ በወጣ ጊዜ ሕይወቱ የቆመ መስሎ ይታያል። ቅጠሉ ደርቋል፤ ከእናት ተክሉ ጋር ያገናኘው የነበረው ቀጭን ሐረግም ተበጥሷል። በቅርጫት ቢከመር አይንቀሳቀስም፤ በጆንያ ታስሮ ጥግ ቢቀመጥ ለውጡ ወዲያው ለዓይን አይታይም። በዚህም ምክንያት እንደ ጨው ወይም እንደ ጡብ ባለበት የሚቆይ ዕቃ ተደርጎ የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የተቆፈረ ድንች ሕያው ነው፤ ሕያው በመሆኑም ሌትና ቀን ይተነፍሳል። ኦክሲጂን ይወስዳል፤ ያከማቸውን ምግብ ያፈርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሙቀትም ያወጣል።

ይህ ሐቅ ሁለት ወገኖችን በቀጥታ ይመለከታል። የመጀመሪያው መምህሩ ነው። «እንስሳት ኦክሲጂን ያስገባሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣሉ፤ ዕፀዋት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋሉ» የሚለው አባባል በብዙ ተማሪዎች አእምሮ ውስጥ ሥር ሰዶ ይገኛል። አባባሉ ለማስታወስ ይቀላል፤ ነገር ግን ግማሹ ስሕተት ነው። ሁለተኛው የዕቅድ ባለሙያው ነው። የሥራ ሥር ሰብሎች መጋዘን በሚታቀድበት ጊዜ የግድግዳው ስፋትና የጣራው ቆርቆሮ ተሰልቶ፣ በውስጡ የሚቀመጠው ምርት የሚያስፈልገው አየር ሳይሰላ ሊቀር ይችላል። በመጀመሪያው ስሕተት አንድ ተማሪ በፈተና ነጥብ ያጣል፤ በሁለተኛው ግን የአንድ ቀበሌ የዘር ድንች ይበሰብሳል። የሁለቱም ስሕተቶች ምንጭ አንድ ነው፤ ይኸውም ከአፈር በታች ያደገውን የተክል ክፍል እንደማይተነፍስ ነገር መቁጠር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የድንችን ትንፈሳ ምንነት፣ ፍጥነቱን የሚወስኑትን ሁኔታዎችና ለክምችት ያለውን ትርጉም ማብራራት፣ በመጨረሻም በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠሩ የሚችሉ ሙከራዎችን ማመልከት ነው።

2. የድንች ተፈጥሮ

የድንች የትውልድ አገር በደቡብ አሜሪካ የሚገኙት የአንዲስ ተራሮች ናቸው። በዚያ የሚኖሩ ገበሬዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከዱር አላምደውታል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሲሆን፣ ያስገባውም ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚስማማው ሰብል በመሆኑ በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች ተስፋፍቷል።

ድንች ከመሬት ውስጥ ስለሚወጣ ብዙ ሰዎች ሥር አድርገው ያዩታል። በመሠረቱ ግን ያበጠ ግንድ ነው። ከተክሉ የታችኛው ክፍል ቀጫጭን ሐረጎች ወደ ጎን ይወጡና ጫፋቸው እያበጠ ድንች ይሆናል። ለዚህም ማስረጃው በላዩ ላይ የሚታዩት ዓይኖች ናቸው። እያንዳንዱ ዓይን እንቡጥ ነው፤ በአጠገቡም እንደ ቅንድብ ያለች ጠባሳ ትታያለች፤ እርሷም ጥቃቅን ቅጠል የነበረበት ሥፍራ ምልክት ናት። እንዲህ ያለ እንቡጥና የቅጠል ጠባሳ በተስተካከለ አቀማመጥ የሚገኘው በግንድ ላይ እንጂ በሥር ላይ አይደለም። በአንጻሩ ስኳር ድንች ያበጠ ሥር ስለሆነ እንደ ድንች ያለ ዓይን የለውም።

ቅጠሎች በብርሃን አስተጻምሮ የሠሩት ስኳር በግንዱ በኩል ወደ ታች ይወርድና በድንቹ ሕዋሳት ውስጥ ወደ ስታርች ይለወጣል። ስታርች በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ስለማይሟሟ ያለ ችግር በብዛት ሊከማች ይችላል። ከ1 ኪሎ ግራም ድንች ውስጥ 800 ግራም ያህሉ ውሃ ነው፤ ከቀረው 200 ግራም ገደማ ደረቅ ነገር ውስጥም የሚበዛው ስታርች ነው።

ተክሉ ይህን ሁሉ ያከማቸው ለራሱ ነው። በሚቀጥለው ወቅት ከዓይኖቹ የሚወጣው ቡቃያ አረንጓዴ ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል ድረስ የሚመገበው ከዚህ ስንቅ ነው። ድንቹም ቡቃያው እስኪወጣ ድረስ ሕዋሳቱን በሕይወት ማቆየት ስላለበት ከዚሁ ስንቅ በየሰዓቱ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። ይህ የማያቋርጥ ወጪ ነው ትንፈሳ የሚባለው።

3. የትንፈሳ ምንነት

በዕለታዊ አነጋገር መተንፈስ ሲባል አየር ወደ ሳንባ ማስገባትና ማስወጣት ማለት ነው። በሥነ ሕይወት ትምህርት ግን ትንፈሳ ከዚህ የጠለቀ ትርጉም አለው። በእያንዳንዱ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ምግብ እየፈረሰ ለሕይወት የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኝበት ኬሚካዊ ሂደት ነው። ሳንባ አየርን ወደ ሕዋሳት ለማድረስ የሚያገለግል የአካል ክፍል ነው እንጂ ትንፈሳው ራሱ አይደለም። ድንች ሳንባ የለውም፤ ትንፈሳ ግን አለው።

የሂደቱ ጠቅላላ ስሌት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ስታርች በኢንዛይሞች አማካይነት ወደ ስኳር ይለወጣል። ከዚያም 180 ግራም ግሉኮስ ከ192 ግራም ኦክሲጂን ጋር ሲዋሃድ 264 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 108 ግራም ውሃ ይገኛል፤ 2,870 ኪሎ ጁል ያህል ኃይልም ይወጣል። በሁለቱም ወገን ያለው ክብደት 372 ግራም ስለሆነ የጠፋ ነገር የለም፤ የተለወጠው የንጥረ ነገሮቹ አቀናጅ ነው። ይኸው መጠን ያለው ስኳር በእሳት ቢቃጠል የሚወጣው ኃይል ያው ነው። ልዩነቱ በሕዋስ ውስጥ ቃጠሎው ያለ ነበልባል፣ ደረጃ በደረጃ መካሄዱ ነው። በዚህም ምክንያት ሕዋሱ ከኃይሉ ከፊሉን ለራሱ ሥራ ይዞ ያስቀራል፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

የዚህ ሙቀት ምልክት በኢትዮጵያ ቤቶች የታወቀ ነው። ለጠላ የሚሆን ብቅል የምታዘጋጅ ሴት የራሰውን ገብስ ሸፍና ካስቀመጠች በኋላ እጇን ወደ ውስጥ ብትሰድድ እህሉ ሞቆ ታገኘዋለች። ሙቀቱ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ የበቀለው ገብስ የትንፈሳ ሙቀት ነው። ድንችም ቀስ ባለ ፍጥነት ያንኑ ያደርጋል።

ዕፀዋት የሚተነፍሱ መሆናቸው አዲስ ግኝት አይደለም። የኔዘርላንድ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ያን ኢንገንሁስ እ.ኤ.አ. በ1779 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አረንጓዴ የሆኑ የተክል ክፍሎች አየርን የሚያጠሩት በፀሐይ ብርሃን ብቻ መሆኑን፣ በጨለማ ግን እንደ እንስሳት አየርን እንደሚያውኩ ገልጿል። አረንጓዴ ያልሆኑት ክፍሎች፣ ሥርና አበባን የመሳሰሉት፣ በቀንም ቢሆን አየርን አያጠሩም። እንግዲህ ትክክለኛው አገላለጽ እንዲህ መሆን ይገባዋል፦ ዕፀዋት ሁሉ፣ በሁሉም ክፍላቸው፣ ሁልጊዜ ይተነፍሳሉ። አረንጓዴው ክፍል ብርሃን በሚያገኝበት ጊዜ ከትንፈሳው በተጨማሪ ብርሃን አስተጻምሮ ያካሂዳል፤ የሚያወጣው ኦክሲጂንም ለትንፈሳ ከሚወስደው ስለሚበልጥ ትንፈሳው ተሸፍኖ አይታይም። ድንች በጨለማ፣ ከአፈር በታች ያደገ በመሆኑ ይህ ሽፋን የለበትም። ስለዚህ የዕፀዋትን ትንፈሳ ለማስተማር ከቅጠል ይልቅ ድንች ይመቻል።

4. አየር ወደ ድንች የሚደርስበት መንገድ

የድንች ልጣጭ ውሃ እንዳይወጣና በሽታ እንዳይገባ የሚከላከል ቡሽ መሰል ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን አየርም እንደ ልብ ስለማያሳልፍ በላዩ ላይ በጥሩ ዓይን ሲታዩ እንደ ነጠብጣብ የሚመስሉ ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉ። ኦክሲጂን የሚገባውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው በአብዛኛው በእነዚህ በኩል ነው። ከልጣጩ በታች በሕዋሳት መካከል ያለው የአየር ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ ከድንቹ ጠቅላላ ይዘት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። በፖም ውስጥ ግን ክፍተቱ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። ሁለቱን በባልዲ ውሃ ውስጥ በመጨመር ልዩነቱን ማየት ይቻላል፤ ፖም ይንሳፈፋል፣ ድንች ይሰጥማል።

ድንቹ ገና በመሬት ውስጥ ሳለ ኦክሲጂን የሚያገኘው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካለው አየር ነው። አፈሩ በውሃ በተሞላ ጊዜ ይህ አየር ይባረራል። ኦክሲጂን በውሃ ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት በአየር ውስጥ ከሚያልፍበት 10,000 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ ድንቹ ይታፈናል። ውሃ በሚቋጥር ጥቁር መረሬ አፈር ላይ፣ ክረምቱ በበረታበት ወር፣ ድንች በመሬት ውስጥ እንዳለ የሚበሰብስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አፈር የማስታቀፍ ሥራም ድንቹን ከፀሐይ ከመሸፈኑ ሌላ፣ ውሃው በቦዩ እንዲወርድና ድንቹ ባለበት መደብ ውስጥ አየር እንዲኖር ያደርጋል።

ኦክሲጂን ሲጠፋ ሕዋሱ ወዲያው አይሞትም። ስኳሩን ያለ ኦክሲጂን በከፊል ያፈርሳል፤ በዚህም ላክቲክ አሲድና አልኮል ይፈጠራሉ። ይሁን እንጂ የሚገኘው ኃይል እጅግ አነስተኛ ነው። በኦክሲጂን ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ሕዋሱ 30 ያህል የኃይል አሐዶች ሲያገኝ ያለ ኦክሲጂን የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። ስለዚህ ያንኑ ሥራ ለመሥራት 15 እጥፍ ያህል ስኳር ማውጣት አለበት፤ የሚፈጠሩት ነገሮችም ሕዋሱን ይጎዱታል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነበትና አየር በማይዘዋወርበት ሥፍራ የተቀመጠ ድንች ሲሰነጠቅ መሐሉ ጠቁሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ልጣጩ ጤነኛ መስሎ ሳለ ውስጡ የታፈነው፣ መሐሉ ከአየር መግቢያው የራቀ ስለሆነ ነው።

5. የትንፈሳን ፍጥነት የሚወስኑ ሁኔታዎች

ሀ/ ሙቀት። ድንች እጅግ ዝግ ብሎ የሚተነፍሰው በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ትንፈሳው ይጨምራል፤ እስከ 15 ዲግሪ ጭማሪው ዝግ ያለ ሲሆን ከዚያ በኋላ ይፈጥናል። ከ5 ዲግሪ በታች ግን ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። ስታርቹ ወደ ስኳር እየተለወጠ ይከማቻል፤ ድንቹ ይጣፍጣል፤ ትንፈሳውም እንደገና ከፍ ይላል። ይህን የስኳር መከማቸት የስዊስ ተወላጁ ሳይንቲስት ሄርማን ሙለር ቱርጋው እ.ኤ.አ. በ1882 ገልጾታል። እንዲህ ያለው ድንች በዘይት ሲጠበስ የሚጠቁረውም በስኳሩ ብዛት ነው።

ለ/ የድንቹ መድረስ። ጊዜው ሳይደርስ የተቆፈረ ድንች ከደረሰው ይልቅ በፍጥነት ይተነፍሳል። ልጣጩም ስላልጠነከረ በቀላሉ ይላጣል።

ሐ/ ቁስል። ድንች በዶማ ሲቆረጥ፣ ከከፍታ ሲወረወር ወይም በጆንያ ላይ ጆንያ ሲጫንበት ይቆስላል። በቁስሉ ዙሪያ ያሉት ሕዋሳት አዲስ ሽፋን ለመሥራት ኃይል ስለሚያስፈልጋቸው ትንፈሳቸው ይንራል። የተከተፈ ድንች በአንድ ቀን ውስጥ ትንፈሳው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ቁስሉ በደህና የሚሽረው ድንቹ ከተቆፈረ በኋላ ከ12 እስከ 18 ዲግሪ በሆነና እርጥበት ባለው አየር ከ10 እስከ 14 ቀን ሲቆይ ነው። ይህ የማገገሚያ ጊዜ ከታለፈ በኋላ ትንፈሳው ዝቅ ይላል።

መ/ የእንቅልፍ ጊዜና መጎንቆል። ድንች ከተቆፈረ በኋላ እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ሁለት ሦስት ወር ያህል ሳይጎነቁል ይቆያል። በዚህ የእንቅልፍ ጊዜ ትንፈሳው ዝቅተኛ ነው። ዓይኖቹ መጎንቆል ሲጀምሩ ግን ስንቁ በሰፊው ስለሚወጣ ትንፈሳው ይጨምራል፤ በጉንቁሉ በኩል የሚወጣውም ውሃ ስለሚበዛ ድንቹ ይጨማደዳል።

6. ትንፈሳ በቁጥር ሲታይ

የአንድ ድንች ትንፈሳ ትንሽ ነው፤ በክምር ሲሆን ግን መጠኑ ያስገርማል። ለስሌት እንዲያመች 1 ኪሎ ግራም ድንች በሰዓት 10 ሚሊ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል ተብሎ ይወሰድ። ይህ በቅጡ ለደረሰ፣ ላልቆሰለና በቀዝቃዛ ሥፍራ ለተቀመጠ ድንች የሚቀርብ ልክ ነው። በዚህ መሠረት 10 ኩንታል፣ ማለትም 1 ቶን ድንች፣ በአንድ ቀን፦

– 240 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤
– 164 ግራም ያህል ስኳር ይፈጃል፤
– 2,600 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ያመነጫል።

ይህ ሙቀት ወደ 8 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። የሚወጣበት መንገድ አጥቶ በክምሩ ውስጥ ቢቀር የድንቹን ሙቀት በየቀኑ 0.7 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሙቀቱ ከፍ ሲል ደግሞ ትንፈሳው ይፈጥናል፤ ትንፈሳው ሲፈጥን ሙቀቱ ይብሳል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ከፍ ብሎ የተከመረ ድንች ከላይ ደህና እየመሰለ ከመሐል የሚጀምረው ብልሽት መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ መደጋገፍ ነው።

ክምችቱ 100 ኩንታል ቢሆን ሙቀቱ ሦስት ባለ 100 ዋት አምፖሎች ሌትና ቀን ሳይጠፉ ቢበሩ ከሚሰጡት ጋር ይተካከላል። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በቀን 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ባዶ አየር 20 ሜትር ኩብ ቢሆንና በሩም መስኮቱም ቢዘጋ በአንድ ቀን ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ከ6 በመቶ በላይ ይደርሳል። በንጹሕ አየር ውስጥ ያለው 0.04 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አየር ለድንቹም ለሚገባበት ሰውም አደገኛ ነው። በሐረርጌ ገበሬዎች ማሽላ የሚያኖሩበት የእህል ጉድጓድ እንደተከፈተ ወዲያው የማይገባበትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በውስጡ እህሉ፣ ነቀዙና ሻጋታው ሲተነፍሱ ቆይተው ኦክሲጂኑን ጨርሰውታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በታችኛው ክፍል ይተኛል። ስለዚህ ተዘግቶ የቆየ የድንች መጋዘን አስቀድሞ በሚገባ ሳይናፈስ ሰው ሊገባበት አይገባም።

በስንቁ በኩል ያለው ኪሣራም ቀላል አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው ዝቅተኛ ፍጥነት እንኳ 1 ቶን ድንች በ180 ቀን ውስጥ 26 ኪሎ ግራም ያህል ስታርች ይፈጃል። ይህም ከ200 ኪሎ ግራሙ ደረቅ ነገር አንድ ስምንተኛ በላይ ነው። በሙቀት ወይም በቁስል ምክንያት ትንፈሳው በእጥፍ ቢያድግ ኪሣራው ሩብ ያህል ይደርሳል። በልጣጩ በኩል በትነት የሚጠፋው ውሃና በብስባሽ የሚጣለው ድንች ከዚህ ስሌት ውጭ ናቸው።

7. ትንፈሳና ክምችት

ሰዎች ድንችን ለማቆየት የተጠቀሙባቸው መንገዶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ትንፈሳውን ጨርሶ ማስቆም ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ድንቹን በሌሊት ውርጭ ያቀዘቅዙታል፤ በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያስወጡታል፤ በቀን ፀሐይም ያደርቁታል። ቹኞ የሚባለው ይህ ምግብ ለዓመታት ይቆያል። የሞተና የደረቀ በመሆኑ አይተነፍስም፤ ዘር ለመሆን ግን አይችልም። ሁለተኛው መንገድ ድንቹን ሕያው እንደሆነ ጠብቆ ትንፈሳውን ማዘግየት ነው። የዘር ድንች የሚያኖር ሁሉ ያለው ምርጫ ይህ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የተለመደው ዘዴ የደረሰውን ድንች ሳይቆፍሩ በመሬት ውስጥ ማቆየት ነው። ዘዴው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በደጋ አፈሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ትንፈሳው ዝግ ይላል፤ እርጥበቱ ድንቹ እንዳይጨማደድ ያደርጋል፤ የመጋዘን ወጪም የለበትም። ነገር ግን ችግሮችም አሉት። ዝናብ ሲመጣ ድንቹ ይታፈናል ወይም በመሬት ውስጥ እንዳለ ይጎነቁላል፤ የድንች እሳት እራትና ልዩ ልዩ በሽታዎች ይጎዱታል፤ መሬቱም ለሚቀጥለው ሰብል ሳይለቀቅ ይቆያል። ገበሬው እነዚህን ሸሽቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቆፍሮ ገበያ ቢያወጣ ደግሞ፣ ጎረቤቱም ያንኑ ስለሚያደርግ ዋጋው ይወድቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ገበሬ የዘር ድንች ከሸጠበት በላይ በሆነ ዋጋ መልሶ ለመግዛት ይገደዳል። ስለዚህ ድንቹ በመጋዘን የሚቆይበት የጊዜ ርዝመት ገበሬው በገበያው ላይ ያለውን አቅም ይወስናል።

ለዘር ድንች የሚሆን መፍትሔ ብትን ብርሃን የሚያስገባ መጋዘን ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1971 በሊማ ከተማ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል በብዙ አገሮች እንዲስፋፋ አድርጎታል፤ በኢትዮጵያም በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል አማካይነት ለገበሬዎች ተዋውቋል። ግድግዳው በተራራቁ እንጨቶች ወይም ጣውላዎች ይሠራል፤ ጣራው ፀሐይና ዝናብ ይከላከላል፤ ድንቹም በርብራብ መደርደሪያ ላይ በስሱ ይዘረጋል። አየር በሁሉም በኩል ስለሚያልፍ የትንፈሳው ሙቀት ሳይጠራቀም ይወጣል። በቀጥታ የማያርፈው ብርሃን ደግሞ ጉንቁሉ አጭር፣ አረንጓዴና ጠንካራ እንዲሆን ያደርገዋል። በጨለማ የጎነቆለው ግን ነጭ፣ ረጅምና በቀላሉ የሚሰበር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ሶላኒን የሚባለውና መሰል መርዛማ ነገሮችም በውስጡ ይበዛሉ። ለዘር ጉዳት የለውም፤ ለምግብ ግን አይሆንም። ስለዚህ የምግብ ድንች ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ነፋሻ በሆነ ሥፍራ ለብቻው መቀመጥ አለበት። በደጋ የሌሊቱ አየር ከቀኑ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ የመጋዘኑን የአየር መስኮቶች በሌሊት ከፍቶ በቀን መዝጋት ያለ ምንም መሣሪያ ሙቀቱን ለመቀነስ ይረዳል።

8. በትምህርት ቤት ሊሠሩ የሚችሉ ሙከራዎች

የመጀመሪያው ሙከራ ድንች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣ መሆኑን ያሳያል። ለግንባታ የሚሸጥ የተቀጠቀጠ ኖራ በውሃ ይበጠበጥና እስኪጠልል ይቀመጣል፤ የጠለለው ውሃ በጥንቃቄ ይቀዳል። ኖራ ዓይንን ስለሚጎዳ ይህን ሥራ መምህሩ ራሱ ቢሠራው ይመረጣል። ሦስት ክዳን ያላቸው ሰፋፊ ማሰሮዎች ወይም የፕላስቲክ ዕቃዎች ይዘጋጃሉ። በአንደኛው ጥሬ ድንች፣ በሁለተኛው ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች ይጨመራል፤ ሦስተኛው ባዶ ይሆናል። በእያንዳንዱ ውስጥ በትንሽ ብርጭቆ የኖራ ውሃ ይቀመጥና ዕቃዎቹ በሚገባ ይከደናሉ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከጥሬው ድንች ጋር ያለው የኖራ ውሃ ነጭ ሽፋን ይይዛል፤ የሌሎቹ ግን ብዙም አይለወጥም። የተቀቀለው ድንች ቅርጹን ቢይዝም ሕዋሳቱ ስለሞቱ አይተነፍስም። ውጤቱ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ መታየት አለበት። ብዙ ከቆየ የተቀቀለው በሻጋታና በባክቴሪያ ምክንያት ውጤቱን ያዛባል፤ በጥሬው በኩልም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመጠን በላይ ሲሆን የነጣው ውሃ ተመልሶ ሊጠራ ይችላል።

ሁለተኛው ሙከራ የቁስልን ውጤት ያሳያል። እኩል ክብደት ያለው ድንች አንዱ ሙሉ እንደሆነ፣ ሌላው ተከትፎ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ እስከ ማግሥቱ ይቆያል። ከዚያም ሁለቱ ከላይ እንደተገለጸው ከኖራ ውሃ ጋር ሲከደኑ ከተከተፈው ጋር ያለው ቀድሞ ይነጣል። ተማሪዎች ድንች ሲቆፈርና ሲጫን መጠንቀቅ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ከዚህ ሊገነዘቡ ይችላሉ።

ሦስተኛው ስለ ሙቀት ነው። የጥቂት ድንች ሙቀት በተራ ቴርሞሜትር ለመለየት ስለሚያስቸግር በፍጥነት የሚተነፍስ ነገር ማለትም የበቀለ ገብስ መጠቀም ይሻላል። የበቀለ ገብስ በአንድ ተርሙስ፣ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ገብስ በሌላ ተርሙስ ይጨመርና አፋቸው በጥጥ ይደፈናል፤ ቴርሞሜትርም በጥጡ መሐል ይሰካል። በማግሥቱ የሁለቱ ልዩነት ግልጽ ይሆናል። ተማሪዎች ይህን በቤታቸው ከሚያውቁት የብቅል ሙቀት ጋር እንዲያገናኙት፣ ከዚያም በክፍል 6 የቀረበውን ስሌት ለአካባቢያቸው የምርት መጠን እንዲሠሩት ማድረግ ይቻላል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው ዋና ነጥብ አጭር ነው። ድንች ከአፈር በታች ሳለም ሆነ ከተቆፈረ በኋላ ይተነፍሳል፤ ትንፈሳውም አየር ይፈልጋል፣ ስንቅ ይፈጃል፣ ሙቀት ያወጣል። ስኳር ድንች፣ ጎደሬና ሌሎቹም የሥራ ሥር ሰብሎች የየራሳቸው የትንፈሳ ፍጥነትና የሚስማማቸው ሙቀት ቢኖራቸውም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም።

ስለዚህ አንድ የድንች መጋዘን ዕቅድ ለውሳኔ ሲቀርብ የሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይገባቸዋል። በክምሩ ሥርና ጎን አየር የሚገባው፣ ከላይ የሚወጣው በየት ነው? ድንቹ ከመከማቸቱ በፊት ቁስሉ የሚሽርበት ጊዜና ሥፍራ ተመድቧል? የዘርና የምግብ ድንች የሚቀመጡት ተለይተው ነው? የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለመጠቀም መስኮቶቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ተመድቧል? ተዘግቶ የቆየ ክፍል ሳይናፈስ እንዳይገባበት ሠራተኞች ተነግሯቸዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መጋዘኑ የሚሠራው ለሕያው ነገር መሆኑን ማወቅ ነው።

ይህን ዕውቀት ለማስጨበጥ ደግሞ ከክፍል የቀረበ ሥፍራ የለም። የገበሬ ልጅ የሆነ ተማሪ የኖራው ውሃ ሲነጣ በዓይኑ ካየ፣ ማታ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጥግ የተከመረውን የዘር ድንች አየር በሚያገኝበት ሥፍራ በስሱ ለመዘርጋት ምክንያቱን ለወላጆቹ ሊያስረዳ ይችላል።